ከሀዋሳ ሆኜ ተወዛዋዥ መሆን እፈልጋለሁ፤ አዲስ አበባ ልሂድ ወይስ ልቆይ?

የሐይቅ ዳር ልጅ · እሑድ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁም። ጽሑፉ ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

21 ዓመቴ ነው። ሀዋሳ ተወልጄ አቶቴ ነው ያደግሁት። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ እወዛወዛለሁ። መጀመሪያ በትምህርት ቤት የኪነት ክበብ ነበር፤ አሁን ደግሞ የሰፈር ልጆች ሆነን ባቋቋምነው ቡድን ውስጥ። ስድስት ነን፤ አራት ሴት፣ ሁለት ወንድ። ሠርግና ምረቃ እንሠራለን፣ አልፎ አልፎ ሆቴሎችም ይጠሩናል። ቀን ቀን የእናቴን ሱቅ እጠብቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ያለ አንድ የባህል ምግብ ቤት ኦዲሽን ጠርቶኝ ሄድኩ። አለፍኩ። የስድስት ወር ውል ነው፣ በየምሽቱ መድረክ አለ። ደመወዙ እዚህ ከማገኘው በብዙ ይበልጣል። እናቴ "ሂጂ" ትላለች። ጓደኞቼ "ይሄ ደግሞ ምን ያሳስባል?" ይሉኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ኦዲሽኑ ላይ አሠልጣኙ "ሲዳማ ትችያለሽ?" አለኝ። እችላለሁ አልኩና አሳየሁት። ትንሽ አይቶ "ቀርፋፋ ነው፣ እንግዳው ይሰለቸዋል። ወገብ ጨምሪበት" አለ። ወገብ የወላይታ ነው። እናቴ የሶዶ ልጅ ናት፤ ወገብ የተማርኩት ገና በእግሬ መሄድ ስጀምር ነው። ስለዚህ አልከበደኝም፣ ያለኝን አደረግሁ። አጨበጨቡ። ከአዳራሹ ስወጣ ግን ፊቴ ይግል ነበር። የአንዱን ቤት ዕቃ አንሥቼ የሌላው ቤት ውስጥ ያስቀመጥኩ መሰለኝ።

የሲዳማውን ያስተማሩኝ ጎረቤታችን ናቸው፤ ትልቅ እናት ናቸው። "አስተምሩኝ" ብዬ ስሄድ ለሦስት ቀን ምንም አላሳዩኝም። ገጠር እህታቸው ዘንድ ወሰዱኝና እንሰት ሲፋቅ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። በአራተኛው ቀን ተነሥተው ዘፈኑ። ያኔ ነው የገባኝ። ያ የትከሻና የጉልበት አወራረድ ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኔ ሥር ሲሠራ የነበረው ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ውዝዋዜ ከባለቤቱ ሳልማር መድረክ ላይ ላለመውጣት ለራሴ ቃል ገባሁ። ከክሊፕ አይቼ የቀዳሁትን "የእገሌ ብሔረሰብ" ብዬ ማቅረብ ያሳፍረኛል።

ሕልሜ ይኼ ነው። ሀዋሳ ውስጥ የራሱ ሥራ ያለው የውዝዋዜ ቡድን እንዲኖር እፈልጋለሁ። ከዘፋኝ ጀርባ የሚቆም አይደለም። ትኬት ተቆርጦ ለአንድ ሰዓት ውዝዋዜ ብቻ የሚታይበት መድረክ ነው የምመኘው። ያን ለማድረግ ግን ገና ብዙ ይቀረኛል።

ልምምዴ እንዲህ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ ድረስ እሮጣለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ታቦር ተራራን እወጣለሁ። ማታ ሁለት ሰዓት ያህል ከቡድኑ ጋር የሰው ግቢ ውስጥ ሲሚንቶ ላይ እንለማመዳለን። ዘንድሮ ቁርጭምጭሚቴ ሁለቴ ታጥፏል።

ሂዳችሁ የሠራችሁ እንዴት ነበር? ልሂድ? ልቆይ?

ሰማያዊ ባጃጅ · እሑድ፣ ማታ 3:05

እህቴ፣ እኔ ሹፌር ነኝ፣ ስለ ሙያው አላውቅም። ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችኝ። ከእንቅልፏ ስትነሣ ጀምሮ ትደንሳለች። የማስገባበት ቦታ አጥቻለሁ። እግር ኳስ ቢሆን በየሰፈሩ አሠልጣኝ አለ። ልጆች ታስተምሪያለሽ? ብትቆዪ አንድ ተማሪ አለሽ።

የአዳማ ልጅ · እሑድ፣ ማታ 3:50

የኔ እህት፣ እኔ ከአዳማ ሄጄ አዲስ አበባ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የባህል ምግብ ቤት ነበር። ሁለቱንም ፊት ልንገርሽ።

መጀመሪያ ጥሩውን። በአንድ ምሽት ከስምንት እስከ አሥር ዓይነት ጭፈራ እንሠራ ነበር። ጎጃም፣ ወሎ፣ ትግራይ፣ ጉራጌ፣ ረገዳ፣ ሸጎዬ፣ ወላይታ፣ ጋምቤላ። በመካከሉ ልብስ የምንቀይርበት ጊዜ አንድ ዘፈን አይሞላም። ትንፋሽ እዚያ ነው የተማርኩት። ከበሮ ሲሳሳት ሳይደነግጡ መቀጠልን፣ ጓደኛሽ ስትዘገይ ቦታዋን መሸፈንን፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንደ ሙሉ አዳራሽ መሥራትን፣ እነዚህን ትምህርት ቤት አያስተምርሽም። ጉራጌን ያህል ነገር በየቀኑ መሥራት እግርን ብረት ያደርጋል።

አሁን ሌላው። ከስድስት ወር በኋላ አዲስ ነገር አልተማርኩም። ያንኑ ነው የምደግመው፣ ያንኑ ፈገግታ። ሰውነቴ ይሠራል፣ ጭንቅላቴ ተኝቷል። ቀን ላይ ደክሞኝ ስለምተኛ ሌላ ስልጠና መግባት አልቻልኩም። በሦስተኛው ዓመት ቀኝ ጉልበቴ ማበጥ ጀመረ። የሚያሳክመኝ አልነበረም፣ ውሌ ላይ ስለ ጉዳት አንድ መስመር አልተጻፈም።

ግን አዲስ አበባ ከዚያ ምግብ ቤት ትበልጣለች። ካዛንቺስ ፈንዲቃ ነበር። መላኩ በላይ እዚያ ለዓመታት ያለ ደመወዝ፣ በሽልማት ብቻ እየተወዛወዘ ኖሮ በመጨረሻ ቤቱን ራሱ ይዞት የባህል ማዕከል አደረገው። ኢትዮከለር የሚባለውን ባንድ ይዞ ዓለምን ዞሯል። የካዛንቺሱ ግቢ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲፈርስ አልቅሻለሁ፣ አላፍርም። እኔ እዚያ ሄጄ ጥግ ላይ ቆሜ ትከሻውን ብቻ አይ ነበር። አንድ እስክስታ ውስጥ ስንት ዓይነት ዝምታ እንዳለ ያየሁት ከእሱ ነው።

ስለዚህ መሄድሽ አይደለም የሚያስፈራኝ። ለምን እንደምትሄጂ ሳታውቂ መሄድሽ ነው።

የይርጋለም ሰው · ሰኞ፣ ጠዋት 1:20

እኚያ እናት እንሰት ሲፋቅ ማስቀመጣቸው ደስ አለኝ። እንዲህ ነው የኛ ሰው የሚያስተምረው።

አንድ ነገር ግን ላርምሽ፣ አትቀየሚኝ። "ሲዳማ" የሚባል ውዝዋዜ የለም። ቄጣላ አለ፣ ፋሮ አለ፣ ሌሎችም አሉ። ቄጣላ በዘመን መለወጫችን በፍቼ ጫምባላላ ጊዜ ሀዋሳ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ የምታዩት ነው። አባቶችና ወንዶች በአንድ ድምፅ እያዜሙ፣ በአንድ እግር እየረገጡ ይገባሉ። ቃሉ ነው ዋናው። ስለ ሰላም፣ ስለ እውነት፣ ስለ ዘመኑ ይናገራል፤ ያጠፋም ይወቀስበታል። ስድስት ወጣት ሆቴል ውስጥ በአራት ደቂቃ ልታቀርቡት አትችሉም። ፋሮ ደግሞ የወጣቶች ነው፣ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ሆነው የሚጫወቱት። እናንተ የምትሠሩት የትኛውን ነው?

ያ አሠልጣኝ "ቀርፋፋ" ያለው ክብደቱን ስላላየ ነው። ፍቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ይሄ ሁሉ አብሮ ስላለ ነው። ቀኑን የሚቆጥሩት አያንቱዎች፣ ሽማግሌው፣ በቅቤ የሚበላው የእንሰት ምግብ ቡርሳሜው፣ ዕርቁ፣ ዜማው። ከዚያ ውስጥ እግሩን ብቻ ቆርጦ ማውጣት ምን ያህል እንደሚያሳዝን አንቺ ገብቶሻል፣ ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።

የሐይቅ ዳር ልጅ · ሰኞ፣ ጠዋት 3:10

የይርጋለም ወንድሜ፣ አልተቀየምኩም። የምንሠራው ፋሮ ነው። አስተዋዋቂው "አሁን ደግሞ የሲዳማ ብሔረሰብ" ብሎ ነው የሚጠራን፣ እኛም ዝም እንል ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ስሙን እራሴ እነግረዋለሁ። አመሰግናለሁ።

የአዳማ እህቴ፣ ስለ ዝምታው ያልሽው ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋም። እኔ ቀስ ማለትን የተማርኩት ከሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ልጅ ሆኜ ቅዱስ ገብርኤል ወረብ እናቀርብ ነበር። እጅ የሚነሣው ሲፈለግ ብቻ ነው። መቶ ልጅ አንድ ሰው ይሆናል። መድረክ ላይ ስቸኩል አሁንም እሱን ነው የማስታውሰው።

ባጃጁ ወንድሜ፣ እስካሁን አላስተምርም። ግን ጥያቄህ ሌሊቱን ሙሉ አብሮኝ አደረ።

የሰንበት ተማሪ · ሰኞ፣ ቀን 6:30

እህቴ፣ በቅንነት ነው የምጽፈው። ወረብ ምስጋና ነው። ከውዝዋዜ ጋር በአንድ አረፍተ ነገር መጥራቱ ልክ አይመስለኝም። ካህናቱ ሲወርቡ ለተመልካች አይደለም። መድረክ ላይ ወረብ የሚመስል ነገር አስገብተው ያየሁዋቸው ቡድኖች አሉ፣ ልቤን ሰብረውታል። አንቺ እንዳታደርጊው አደራ።

የሐይቅ ዳር ልጅ · ሰኞ፣ ቀን 7:15

አደራህን ተቀብያለሁ። አንድም የወረብ እንቅስቃሴ መድረክ ላይ አውጥቼ አላውቅም፣ አላወጣምም። ያገኘሁት ልማዱን ነው፤ መጠበቅን፣ አብሮ መተንፈስን። የት የተማርኩትን ከሰው መደበቅ ስላልፈለግሁ ነው የተናገርኩት።

ከበሮ መቺው · ሰኞ፣ ማታ 1:45

ልጄ፣ እኔ በወጣትነቴ በኪነት ቡድን ከበሮ መቺ ነበርኩ። ዛሬ 63 ዓመቴ ነው፣ ጡረታ ላይ ነኝ። እስካሁን የተባለውን ሁሉ አነበብኩት።

የሰንበት ተማሪው ልክ ነው፣ አንቺም ልክ ነሽ። ማኅሌት ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ከቁም ይጀመራል፣ ከዚያ ዝማሜ፣ ከዚያ መረግድ፣ ጽፋት ላይ ሲደርስ ከበሮውም ጭብጨባውም ይፈጥናል። ያ አካሄድ ሰው ሁሉ ደም ውስጥ አለ። እኔ ሠርግ ላይ ስመታ በቀጥታ ፈጣኑን ከጀመርኩ ሰው አይነሣም። ቀስ ብዬ ካመጣሁት ግን አሮጊቷም ትነሣለች።

አሁን ስለ መለወጥ ልንገርሽ። አንቺ ወገብ ጨመርኩ ብለሽ ታፍሪያለሽ። እኛ ስንት ነገር ነበር የለወጥነው! ውዝዋዜ ወደ ቴአትር ቤት ሲገባ ነው ነገሩ የጀመረው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። መድረክ ፊት አለው፣ ጀርባ አለው። አውድማና ሜዳ ግን ፊትና ጀርባ የለውም። ስለዚህ ክብ የነበረው ሁሉ መስመር ሆነ። የትግራይን ክብ ግማሽ አደረጉት፣ ለተመልካች እንዲከፈት። አንድ ሌሊት የሚፈጀው አራት ደቂቃ ሆነ። ሁሉም ሰው የሚጨፍረው፣ ስምንት ሰው የሚጨፍረው ሆነ። ልብሱም አንድ ዓይነት ሆነ፤ ገጠር ግን ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ለብሶ አይጨፍርም።

ይህን ሁሉ ያደረግነው እኛ ነን። አንዳንዱን በደንብ አድርገነዋል። አንዳንዱን አበላሽተነዋል። እኔ የምለየው በአንድ ነገር ነው። የለወጥነውን ይዘን ተመልሰን ገጠር ስናሳይ ሽማግሌዎቹ የሳቁበትና ያጨበጨቡበት ነበር። ፊታቸውን ያዞሩበትም ነበር። ፊታቸውን ያዞሩበትን ከፕሮግራም አውጡ ብዬ ተከራክሬ አውቃለሁ። ሁልጊዜ አልተሰማሁም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በ1957 ዓ.ም. ሁለት የሃንጋሪ ተመራማሪዎች መጥተው ሀገሪቱን እየዞሩ ውዝዋዜያችንን በፊልም ቀርጸዋል፣ ጥናትም ጽፈውበታል። ሌላም የነሱ ሀገር ሰው በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ እንቅስቃሴውን እየዘረዘረ አሳትሟል። የእኛው ልጆች ያን ሥራ ቢቀጥሉት ምንኛ ጥሩ ነበር። አንቺ ስልክ አለሽ። እኚያን እናት ቅረጪያቸው። ስማቸውን፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የዘፈኑን ቃል ጻፊ። ፈቃዳቸውንም ጠይቂ።

የፒያሳ ልጅ · ሰኞ፣ ማታ 2:30

ሁላችሁም ቆንጆ ተናገራችሁ። ግን ልጅቷ ሱቅ ነው የምትጠብቀው። የቤት ኪራይ በየጊዜው ይጨምራል። እኔ የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስምንት ሰዓት ቆሜ እውላለሁ። በምወደው ሙያ ደመወዝ የሚከፍለኝ ባገኝ በእግሬ ነበር የምሄደው። እህቴ፣ ስድስት ወር ነው፤ ዕድሜ ልክ አይደለም። ሠርተሽ ቆጥበሽ ተመለሺ። ሕልምሽ ገንዘብም ይፈልጋል።

ፊዚዮዋ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:00

ሁለቴ የታጠፈው ቁርጭምጭሚት ነው ያስጻፈኝ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ።

አንዴ የታጠፈ ቁርጭምጭሚት በደንብ ካልተሠራበት ደግሞ ይታጠፋል። ጅማቱ ሲለጠጥ እግር "የት ነው የቆምኩት" የሚለውን ስሜት ይቀንሳል። ህመሙ ይጠፋል፣ ያ ስሜት ግን በራሱ አይመለስም። ስለዚህ አሠልጥኚው። ጥርስሽን ስትፋቂ በአንድ እግር ቁሚ፣ 30 ሰከንድ። ሲቀልሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ። ከዚያ በአንድ እግር ጣት ላይ መነሣት፣ 25 ጊዜ ሳታቋርጪ እስክትችይ። በቀን አምስት ደቂቃ ነው። ከታቦር የበለጠ ይጠቅምሻል።

ደግሞ ሲታጠፍ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ወጌሻ ጋ ሄደሽ አታሳሺው። ያበጠ እግር ሲታሽ ይብሳል። ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ ማድረግ፣ በፋሻ መያዝ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተሽ ወይም አጥንቱ ላይ ሲነካ የሚያም ከሆነ ራጅ ተነሺ።

ሲሚንቶው ሌላ ጉዳይ ነው። ሲሚንቶ አይመልስም፣ የዘለልሽበትን ሁሉ አጥንትሽ ይውጠዋል። ቅልጥምሽ ፊት ለፊት ሲያምሽ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። የእንጨት ወለል ፈልጉ። ካልተገኘ ደረቅ ሣር ይሻላል። ዝላይ ያለበትን ልምምድ በሳምንት ከሦስት ቀን አታሳልፉ፣ በሌላው ቀን ትከሻና እጅ ሥሩ።

እስክስታ ለምትሠሩ ሁሉ፦ አንገትን ሳታሟሙቁ አትጀምሩ። ትከሻው የሚፈጥነው የጀርባና የሆድ ጡንቻ ሲይዝ ነው። እሱ ካልያዘ ሥራውን አንገት ይወስደዋል፣ ከዚያ ራስ ምታት ይከተላል።

በጾም ሰሞን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለምትቆዩ፣ ከባዱን ልምምድ ከምግብ በኋላ ወደ ማታ አዙሩት። ባዶ ሆድ ላይ ጠዋት መዘርጋትና ቀላል ነገር ይበቃል። ሽሮና ምስር ጡንቻ ይሠራሉ፣ አትናቁዋቸው። በፍስኩ ደግሞ አሞራ ገደል ያለው ዓሣ ቅርባችሁ ነው።

ጠበቃው ጎረቤት · ማክሰኞ፣ ማታ 1:10

ስለ ውሉ ብቻ ልናገር።

በጽሑፍ ነው? ቅጂው በእጅሽ አለ? ከሌለ ሳትቀበዪ እንዳትፈርሚ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት አለሽ። "በየምሽቱ" የሚለው ቃል ያሳሰበኝ ለዚህ ነው። ትርፍ ሰዓት ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከዋለ ክፍያው የመደበኛው ሰዓት 1.75 እጥፍ ነው፤ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ። የባህል ምግብ ቤት ደግሞ በዓል ላይ ነው የሚሞላው። ልምምዱ እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራል ወይ? ጠይቂ። ብትጎጂ ማን ያሳክማል? ጠይቂ።

ሌላ ብዙ ተወዛዋዥ የማያውቀው ነገር አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 ውስጥ የውዝዋዜ ድርሰት ከሚጠበቁት ሥራዎች አንዱ ነው። ተወዛዋዥም ከከዋኞች፣ ማለትም ሥራን ለተመልካች ከሚያቀርቡት፣ ይቆጠራል። የራስሽን ቅንብር ይዘሽ ከሄድሽ የማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። የባህሉ እንቅስቃሴ የሕዝብ ነው፣ ማንም የኔ ሊለው አይችልም። አንቺ ያቀናበርሽው ግን የአንቺ ነው።

የአዳማ ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 2:20

ጠበቃው፣ ይህን ከዘጠኝ ዓመት በፊት የነገረኝ ቢኖር!

የሐይቅ ዳር ልጅ፣ "ለአንድ ሰዓት ውዝዋዜ ብቻ" ያልሽውን ይዤ ልመለስ። ሕልም ብቻ አይደለም፣ ሀገራችን ውስጥ ተሠርቷል። በ1988 ዓ.ም. ገደማ ሮይስተን ማልዱም የሚባል እንግሊዛዊ ኮሪዮግራፈር አዲስ አበባ ላይ ከመቶ የሚበልጡ የጎዳና ልጆችን ይዞ ትልቅ ትርኢት ሠራ። ከእነዚያ ልጆች የተወሰኑት አዱኛ በሚል ስም ለዓመታት ሰለጠኑ። ሠልጥነው ደግሞ ሌሎችን አሠለጠኑ፣ ከአካል ጉዳተኛ ተወዛዋዦች ጋር ሳይቀር ሠሩ። ከመካከላቸው ለጁነይድ ጀማል ሰንዲ ጃፓናዊውን ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ተሺጋዋራን የመሰለ ሰው አሠልጣኝ ሆኖለታል። እሱና አዲሱ ደምሴ በ2001 ዓ.ም. ለንደን ሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ ቆሙ። ደስቲኖ የሚባል ቡድንም መሠረቱ።

ልብ ብለሽ እዪው። ሲጀምሩ ኮንቴምፖራሪ የሚባለውን ዘመናዊ የመድረክ ውዝዋዜ ስሙን እንኳ አያውቁም ነበር። ረጅም ስልጠና አገኙ፣ በየቀኑ፣ ለዓመታት። የጎደለን እሱ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለክራርና ለማሲንቆ በር ከፍቷል። እኛ ግን አብዛኞቻችን በክሊፕና በሠርግ መካከል ነው የምናድገው።

የፒያሳ ልጅ ስለ ገንዘቡ ያልከው እውነት ነው፣ አልከራከርህም። ግን ስድስት ወር ሁለት ዓመት ሲሆን አይታወቅህም። እኔ ለአንድ ዓመት ነበር የሄድኩት።

የይርጋለም ሰው · ረቡዕ፣ ጠዋት 1:50

ከበሮ መቺው፣ አባቴ፣ "ፊታቸውን ያዞሩበት" ያሉት ልቤን ነካው። እኔ ቄጣላ መድረክ ላይ አይውጣ ባይ ነበርኩ። አሁን ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ይህቺ ልጅ የሠራችውን ይዛ መጥታ ሽማግሌ ፊት ብታሳይ፣ "ይሄ ይሁን፣ ይሄ ይቅር" ቢሏት፣ እኔ ማነኝ የምከለክላት? መጥተሽ ማሳየት ከፈለግሽ ይርጋለም ሰው አለሽ። ቡናው የእኛ ነው።

የሐይቅ ዳር ልጅ · ከ10 ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ማታ 1:30

ይቅርታ ጠፋሁ። ሁላችሁንም አንብቤያለሁ፣ አንዳንዶቻችሁን ለእናቴ ጮክ ብዬ አንብቤላታለሁ።

ለምግብ ቤቱ ደውዬ ሦስት ነገር ጠየቅሁ። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አለ? ብጎዳ ማን ያሳክመኛል? የሲዳማውን ፋሮ ስም ጠርቼ፣ ወገብ ሳልጨምር መሥራት እችላለሁ? ለመጀመሪያው "እንነጋገራለን" አሉኝ። ለሁለተኛው "እንደዚህ የጠየቀን የለም" አሉኝ። ሦስተኛውን "እሱን አሠልጣኙ ያውቃል" አሉ። ተናደው አልነበረም። ሥራ የበዛባቸው ሰዎች ናቸው። ግን ስልኩን ስዘጋ ትከሻዬ ቀለለኝ። አልሄድኩም።

እናቴ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን "እሺ፣ ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው?" አለችኝ። የፒያሳ ልጅ፣ የአንተን መልስ ስታነብ "ይሄ ልጅ እውነቱን ነው" ብላለች። እኔም ልክ አይደለህም ልልህ አልችልም። ገንዘቡ አስጨንቆኛል፣ አሁንም ያስጨንቀኛል። ክረምት ላይ ለአንድ ወር አዲስ አበባ ሄጄ ልሠለጥን እየቆጠብኩ ነው። የአዳማ እህቴ አክስቷ ዘንድ እንደማርፍ ቃል ገብታልኛለች።

ጎረቤታችንን እናት ቀረጽኳቸው። ፈቃድ ስጠይቃቸው ሳቁ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፀጉራቸውን ሸፍነው፣ "አሁን" አሉ። አሥራ አንድ ዘፈን አለኝ። ቃሉን እየጻፍኩ ነው፣ ያልገባኝን የይርጋለም ወንድሜ በስልክ ይፈታልኛል። አንዱን እኔና ጓደኛዬ ፊታቸው ሠራነው። እስከ መሐሉ ዝም ብለው አዩን። ከዚያ ተነሥተው ጉልበቴን በእጃቸው ይዘው ዝቅ አደረጉት። አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከፍ አድርጌ ነበር የምሠራው!

እግሬ ደህና ነው። 25ቱን ገና አልሞላሁም፣ 17 ላይ ነኝ።

ወለልም ተገኘ። አንድ ትምህርት ቤት የእንጨት መድረክ ያለው አዳራሽ አለው፣ እሑድ እሑድ ጠዋት ሊሰጡን ተስማሙ። ጠርገን፣ ቆልፈን መመለስ ብቻ ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ልጆች አስተምራለሁ፣ ከዚያ የራሳችን ልምምድ። የባጃጁ ወንድሜ ልጅ የመጀመሪያዋ ናት፣ ሌሎች አራት ተመዝግበዋል። በስልክ ሙዚቃ ልጆችን ማስተማር ግን አልፈልግም። በከበሮ ነው መጀመር ያለባቸው። ከበሮ የሚያውሰን አለ?

ሰማያዊ ባጃጅ · ቅዳሜ፣ ማታ 1:42

ከአሁኑ ጫማዋን አውጥታ አስቀምጣለች። በባዶ እግር ነው ወይስ በጫማ?

የሐይቅ ዳር ልጅ · ቅዳሜ፣ ማታ 1:44

በባዶ እግር። ጥፍሯን ቁረጥላት።

ከበሮ መቺው · ቅዳሜ፣ ማታ 2:15

ልጄ፣ ከበሮ አይታዋስም። ይዤው እመጣለሁ። ግን ሁለት ሰዓት ላይ ቆዳው ገና የሐይቁን እርጥበት ይዞ ነው፣ ድምፁ ይደፈናል። ፀሐይ ላይ ትንሽ መቀመጥ አለበት። ልጆቹን ሦስት ሰዓት አድርጊያቸው።